ቆሞ የሚውለው መኪና

በሐዋሳ ከተማ፣ በቡሹሎ፣ ለነዋሪዎች የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር

እንዳላስረዝም ተመክሬ ነው የመጣሁት፤ ቃል ግን አልገባሁም።

ዛሬ የምናገረው ቆሞ ስለሚውል አንድ መኪና ነው። ቀይ ነው፤ ሆዱ ውሃ ነው፤ በዓመት ውስጥ አብዛኛውን ቀን ከግቢው አይወጣም። ሹፌሩን ጎማ ሲያይ፣ ባትሪ ሲፈትሽ፣ አንዳንዴም ከጓደኞቹ ጋር ካርታ ሲጫወት ታገኙታላችሁ። በጀት በጠበበ ቁጥር የሒሳብ ሰው ዓይን ቶሎ ከሚያርፍባቸው ነገሮች አንዱ ይህ መኪና ነው። «ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ ወጣ?» ይባላል። መልሱ ትንሽ ቁጥር ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ።

የመጣሁበትን ጉዳይ ከአሁኑ ልንገራችሁ። በከተማ ዳርና በገጠር ቀበሌ ያለ የእሳት አደጋ አገልግሎት ሊቀነስ አይገባም፤ ያለበት ይጠበቅ፣ የሌለበት ይምጣ፣ የራቀውም ይቅረብ ብዬ ልከራከር ነው። በመጀመሪያ ስለ ደቂቃ እናገራለሁ፤ እዚያ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ክርክሩ ሁሉ የሚያርፈው እሱ ላይ ነውና። ከዚያ ውሃውን፣ ቀጥሎ ገንዘቡን እናያለን። በመጨረሻ ከእኛ በፊት በዚህ መንገድ የሄዱ ሰዎች የገጠማቸውን አነሳለሁ።

ስለ ደቂቃ ልጀምር። የሲዳማን ባህላዊ ቤት ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ግድግዳው የተጠላለፈ ቀርከሃ፣ ጣሪያው ሣር፣ መሃሉ ላይ ፍም የማያጣ ምድጃ፣ በዚያው ጣሪያ ሥር የሚያድሩ ከብቶች። ያ ሣር ለዓመታት በጭስ ደርቆ፣ ጥላሸት ጠጥቶ የኖረ ነው። በታኅሣሥና በጥር ነፋስ አንዲት ፍንጣሪ ከያዘችው፣ ከውጭ ያለ ሰው «እሳት!» ብሎ እስኪጮህ ድረስ ጣሪያው ሄዷል። «የእኛ ቤት እኮ ቆርቆሮ ነው» የሚል ወጣት እዚህ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ወንድሜ፣ ቀና ብለህ ኮርኒስህን እይ። የማዳበሪያ ጆንያ ተሰፍቶ ነው የተወጠረው። ከሥሩ የስፖንጅ ፍራሽ፣ ግድግዳው ላይ ላስቲክ፣ ጥግ ላይ አምስት ነገር ከአንድ ሶኬት የሚያጠባ የኤሌክትሪክ ገመድ አለ። ስፖንጅ ሲነድ የሚያወጣው ጭስ ነበልባሉ ሳይደርስ ሰውን ይጥላል። እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ የተነሳ እሳት፣ ብዙውን ጊዜ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ፣ ክፍሉን በሙሉ ባንዴ ያቀጣጥለዋል።

አሁን መኪናውን ጥሩ። የሚደውል ሰው መገኘት አለበት፤ ስልኩ መነሳት አለበት፤ ሹፌሩ መንቃት አለበት፤ የመሃል ከተማውን ባጃጅ ሁሉ አልፎ፣ አስፋልቱን ጨርሶ፣ በእንሰትና በቁልቋል አጥር መካከል ወደሚገባው የእግር መንገድ መድረስ አለበት። ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ስትቆረቆር መንገዷ ሰፊና ቀጥ ያለ ሆኖ ተቀየሰ፤ መሃል ላይ የእሳት አደጋ መኪና መዞሪያ አያጣም። ዳር ሲወጣ ግን ቀያሹ የቀረ ይመስላል። መንገድ ከጠበበ ጥሩ አገልግሎት ያለው ከተማ እንኳ ይቸገራል። በጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል፣ በአገሪቱ የተሻለ መኪናና ሰው ያለው የአዲስ አበባው እሳት አደጋ ነበር የደረሰው፤ እሱም ቢሆን ከመንገዱ መጣበብና ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲታገል አመሸ።

እዚህ ላይ በቅንነት የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ ላልፈው አልፈልግም። «መኪናው ሲደርስ ቤቱ አመድ ሆኗል። አመድ ላይ ውሃ ለማርከፍከፍ ለምን ደመወዝ እንከፍላለን?» ይባላል። ይህን የሚሉት የሒሳብ ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሰዎችም በምሬት ይሉታል። ግማሹ እውነት ነው። የሣር ቤትን ከሩቅ የሚመጣ መኪና አያድነውም። ያልታየው ግማሽ ግን ይህ ነው፤ በገጠር ሰፈር የእሳት አደጋ መኪና የሚመጣው ለተቃጠለው ቤት ሳይሆን ለሁለተኛው፣ ለሦስተኛውና ለአሥረኛው ቤት ነው። ነፋስ የያዘው የሣር ቁራጭ እየነደደ በአየር ላይ ሄዶ የሌላ ሰው ጣሪያ ላይ ያርፋል። መቼ እንደሚያርፍ አይታወቅም፤ ከሩብ ሰዓት በኋላም፣ ከአንድ ሰዓት በኋላም፣ ሁሉም ደክሞ «አለቀ» ብሎ ሲቀመጥም ሊሆን ይችላል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር በበጎ ፈቃደኞች ለሚሠራ የገጠር አገልግሎት ያወጣው መለኪያ አለ፤ ከአሥር ጥሪ በስምንቱ ስድስት ሰው ይዞ በ14 ደቂቃ ውስጥ መድረስ ይላል። 14 ደቂቃ የመጀመሪያውን ቤት እንደማያድን መለኪያውን ያወጡት ሰዎች አጥተውት አይደለም። እሳቱ ከአንድ ግቢ እንዳይወጣ በሚደረገው ትግል ማሸነፍም መሸነፍም የሚወሰነው በዚያች ሩብ ሰዓት አካባቢ እንደሆነ ስላዩ ነው። ስለዚህ ከዳር ያለ ጣቢያ ተዘግቶ «ከመሃል ይመጣላችኋል» ሲባል የሚጨመረው መንገድ በኪሎ ሜትር ሲነገር ትንሽ ይመስላል። በቤት ቁጥሩት።

እስኪ መኪናው እስኪመጣ ሰፈሩ የሚያደርገውን እንይ። ሌሊት ነው፤ ኡኡታ ይሰማል። ሰው ያገኘውን ለብሶ ይወጣል። አንዱ በሩን በመጥረቢያ ይገነጥላል፤ ሌላው የከብቶቹን ገመድ ይበጥሳል፤ ላም ግን በድንጋጤ ወደ ለመደችው ጋጣ ተመልሳ ትገባለች፤ ሁለት ሰው ከኋላ ይገፋታል። ሴቶችና ልጆች ጀሪካን ይቀባበላሉ። ልምድ ያላቸው ሽማግሌ የሚነደውን ቤት ትተው ወደ ጎረቤቱ ይሮጣሉ፤ «ያ አልቋል፤ ይኼኛውን!» ብለው ይጮኻሉ። ጎረምሶች ያልነደደው ጣሪያ ላይ ወጥተው በረጠበ የእንሰት ቅጠል ፍንጣሪውን ይደበድባሉ፤ አጥር ይነቀላል፤ አንዳንዴም በመሃል ያለች ደህና ጎጆ እሳቱ መሻገሪያ እንዲያጣ ተብላ ትፈርሳለች። ሥራው ሥርዓት አለው። ሳይንሱን የጻፉት ሰዎች ከሚሉት ጋርም አይጣላም፤ የእሳት መሻገሪያ መቁረጥ ማለት ይኸው ነው። ወፍራም የእንሰት ግንድም በራሱ የተጠራቀመ ውሃ ነው፤ በቤትና በቤት መካከል ጥቅጥቅ ብሎ የቆመ እንሰት እሳትን ያዘገያል። ቤት ከወደመ በኋላም በጉድጓድ የተቀበረው ቆጮ ይገኛል፤ በጆንያ የነበረው በቆሎ፣ የቤቱ ካርታ፣ የልጁ የስምንተኛ ክፍል ካርድ ግን አይገኝም።

ይህን ያነሳሁት ሰፈሩን ለማመስገን ብቻ አይደለም። ይህ ጥንካሬያችሁ ለቅነሳ ምክንያት ሆኖ ሊቀርብባችሁ ስለሚችል ነው። «የገጠሩ ሕዝብ ይተጋገዛል፤ ዕድር አለው፤ ሲዳማ ደግሞ ሴራ የሚባል የመተዳደሪያ ሥርዓት አለው፤ በቤት ሥራውም በቀብሩም ያልተገኘ ይቀጣል፤ እሳትም ቢሆን ራሳቸው ያጠፉታል» ይባላል። አመስጋኝ የሚመስል ንግግር ነው፤ ውስጡ ግን በእናንተ ላይ የሚጭነው ሸክም አለ። በጎ ፈቃደኛ ያለ መሣሪያ ሲሆን የሚጋለጠው ነፍሱ ነው። በጀርመን አንድ ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ያለ ደመወዝ የእሳት አደጋ ተከላካይ ናቸው፤ የአብዛኛው ገጠር እሳት የሚጠፋው በእነሱ ነው። ሆኖም ሕጉ ማዘጋጃ ቤቱን «ጎበዞች አሉህና ተኛ» አይለውም፤ መኪናውን፣ ጣቢያውን፣ ልብሱን፣ ሥልጠናውን አቅርብ ይለዋል። በጎ ፈቃድ የመንግሥትን ገንዘብ የሚተካ ሳይሆን የሚያባዛ ነገር ነው። ባዶ እጅ ላለው ጎበዝ አንድ ሞተር ፓምፕ ስጡት፤ የሃያ ሰው ጀሪካን ሥራ ይሠራል።

ፓምፕ ካልኩ ወደ ሁለተኛው ነጥብ፣ ወደ ውሃው ልለፍ። ይህ ነጥብ አጭር ነው፤ ለቡሹሎ ግን ከሁሉ የቀረበ ነው። 10 ሺህ ሊትር የያዘ መኪና በደቂቃ 1 ሺህ ሊትር ቢረጭ በአሥር ደቂቃ ባዶውን ይቆማል። ከዚያ በኋላ ወይ ቦቴ ተከትሎት መምጣት አለበት፣ ወይ በአቅራቢያው መቅጃ መኖር አለበት፣ ወይ ራሱ ወደ ከተማ ተመልሶ ሞልቶ መምጣት አለበት። ከመሃል ከተማ ለሚመላለስ መኪና ሦስተኛው ማለት ሰፈሩ መኪናውን እንደገና ከመጀመሪያው ይጠብቃል ማለት ነው። እናንተ ግን የምትኖሩት ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር ነው! ከብት የሚያጠጣ፣ ዓሣ የሚሰጥ፣ የማያልቅ ውሃ ዓይናችሁ ሥር ተኝቷል። እሳት በተነሳ ቀን ይህ ሁሉ ውሃ የሚጓዘው በጀሪካን ነው።

ውሃውን ከሐይቁ ለማንሳት የሚያስፈልገው አስማት አይደለም። ሁለት ሰው የሚሸከመው ሞተር ፓምፕ፣ ሲስብ የማይጨማደድ ጠንካራ መምጠጫ ጎማ፣ ጫፉ ላይ ቄጠማና ጭቃ የማያስገባ ማጣሪያ፣ ከዚያ ወደ ሰፈሩ የሚዘረጋ መርጫ ጎማ፤ ይኸው ነው። አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። ፓምፕ ውሃን የሚስበው በራሱ ጉልበት ብቻ ሳይሆን በአየር ግፊት ነው። በባሕር ጠለል ላይ በንድፈ ሐሳብ 10 ሜትር ያህል ሊያነሳ ይችላል። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቷል፤ ጣሪያው ከ8 ሜትር ተኩል በታች ይወርዳል፤ በተግባር ደግሞ ከ6 ሜትር በላይ መጠበቅ ሞኝነት ነው። ስለዚህ ፓምፑ ከሐይቁ ርቆ ዳገት ላይ ሊቀመጥ አይችልም፤ ውሃው አጠገብ መውረድ አለበት፤ የሚወርድበትም ቦታ ክረምት ከበጋ የማይጨቀይ፣ ቀድሞ የተዘጋጀ መሆን አለበት። ይህን የሚያውቅ ሰው ሰፈሩ ውስጥ ከሌለ፣ ውድ መሣሪያ ተገዝቶ በእሳቱ ቀን «አልስብ አለ» ተብሎ ይተዋል። ባለሙያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ባለሙያውም በየወሩ መጥቶ ሲያስነሳውና ሲያሠለጥን «ሥራ ፈት» ተብሎ መቆጠር የለበትም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ሦስተኛው ክፍል ነው፤ ብዙዎቻችሁ የበጀት ወረቀቱን አይታችሁት ስለማታውቁ ቀስ ብዬ እናገራለሁ። በእኛ አገር የእሳት አደጋ አገልግሎት በአመዛኙ የከተማ አስተዳደርና የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው። ከተማ ያልተባለ ወረዳ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ መኪና የለውም፤ ከቅርብ ከተማ ይለምናል። ሐዋሳ ስምንት ክፍለ ከተሞች አሏት፤ እንደ ሐዌላ ቱላ ያለው የገጠር ቀበሌዎችን የያዘ ነው። በእንዲህ ያለ ዳር የሚኖር ሰው አስቸጋሪ ቦታ ላይ ነው፤ በስም የከተማ ነዋሪ ነው፤ ከተማውን ከተማ ካደረጉት ነገሮች ግን ብዙዎቹ ገና በመንገድ ላይ ናቸው።

የመሥሪያ ቤት በጀት ደመወዝ፣ ሥራ ማስኬጃና ካፒታል ተብሎ ይከፈላል። ደመወዝ አይነካም፤ ሰው ይጮኻል። ካፒታል ሪባን ይቆረጥበታል፤ ሹም ይወደዋል። የሚላጨው ሥራ ማስኬጃው ነው፤ ነዳጅ፣ ጎማ፣ ባትሪ፣ መለዋወጫ፣ ሥልጠና፣ የአዳር ተረኛ አበል። በእኛ አገር አንድ አገልግሎት ሲቀነስ «ተዘግቷል» የሚል ደብዳቤ ሲወጣ እምብዛም አላየሁም። ጣቢያው አለ፤ ታፔላው አለ፤ መኪናው አለ፤ ሹፌሩም ደመወዙን ይወስዳል። መኪናው ግን ጎማው ቆሞ ከመዋል ብዛት ጎኑ ተሰነጣጥቋል፤ ባትሪው ደክሞ ሞተሩ በግፊ ካልሆነ አይነሳም፤ ፓምፑ ላይ ያለችው አንዲት ጎሚኒ አልቃ ውሃ ያፈሳል። ጎሚኒዋ ርካሽ ናት፤ የምትገዛበት የሒሳብ መደብ ግን ዜሮ ተብሏል። ይህን ዓይነት ቅነሳ መቃወም ከባድ ነው፤ የተዘጋ ነገር የለማ! ለዚህ ነው «አገልግሎቱ አለ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ የምላችሁ። «በዚህ ወር ስንት ጊዜ ሞተሩ ተነሳ፣ ስንት ጊዜ ውሃ ረጨ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የበጀት ሰውን ጠላት አድርጌ መሳል አልፈልግም። ፊቱ የተደረደሩት የመምህር ደመወዝ፣ የጤና ኬላ መድኃኒት፣ የንጹሕ ውሃ መስመር ናቸው። ስህተቱ ከመለኪያው ይመጣል። የመምህር ሥራ በተማሪ ቁጥር፣ የነርስ ሥራ በታካሚ ቁጥር ይለካል። በዚሁ መለኪያ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሲለካ ዘወትር ሰነፍ ሆኖ ይገኛል፤ ብዙ እሳት ካልተነሳ ሥራ የለውም ይባላል፤ ከተነሳ ደግሞ አልተከላከለም ይባላል። እስኪ እዚሁ ቡሹሎ ያለውን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የጤና ተቋም አስቡ። ሌሊት የሚያድረው ተረኛ ወላድ ባልመጣችበት ሌሊት ዋጋ የለውም የሚል እናት እዚህ መሃል አለች? ሰው የሚከፍለው ለመጣችው ወላድ ብቻ ሳይሆን ስትመጣ በሩ ክፍት እንዲሆን ነው። የእሳት አደጋም ዋጋው ተጠብቆ ያደረው ሌሊት ነው።

ጥበቃን ማን እንደሚያገኝ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የልብስ ፋብሪካዎች ያሉበት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመረቀ። ከዚያ በፊት በኅዳር 2005 ዓ.ም. ባንግላዴሽ ውስጥ ታዝሪን የሚባል የልብስ ፋብሪካ ተቃጥሎ ከ110 በላይ ሠራተኞች ሞተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ልብስ ገዢዎቹ የውጭ ኩባንያዎች ስለ ድንገተኛ መውጫ በርና ስለ እሳት ማጥፊያ የሚጠይቁት በረታ፤ ጥያቄው የሰው ሕይወትም የስም ጉዳይም ነው። ጥሩ ነው። ነገር ግን ቀን በእንዲህ ያለ የፋብሪካ ሼድ ውስጥ የምትሠራው ልጅ ማታ የምትገባው በከተማው ዳር ወደ ተከራየችው፣ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ወደምትጋራው፣ መስኮት አልባ ክፍል ነው። እዚያ ተቆጣጣሪ ገዢ የለም። ያንኑ ሰው ቀን ጠብቀን ማታ የምንተወው ከሆነ፣ የጠበቅነው ልብሱን ነው እንጂ ሰውን አይደለም።

ወደ መጨረሻው ክፍል ደርሻለሁ። ከእኛ በፊት በዚህ መንገድ የሄዱትን እንይ፤ ከራሳችን አገር ልጀምር። በ1992 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ በባሌና በቦረና ደኖች የተነሳው እሳት ለሳምንታት ነደደ፤ ገበሬው፣ ወታደሩ፣ ተማሪው በቅጠልና በአካፋ ተዋጋው፤ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከጀርመንና ከአሜሪካ ባለሙያዎች መጡ፤ በመጨረሻ ዝናቡም አገዘ። ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ ሄደ። ከዚያ በኋላ ብዙ ተባለ። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነደደ፤ በሺዎች የሚቆጠር የአካባቢው ሰው ገደል ለገደል ሲንከራተት ከርሞ፣ ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ እሳት ተከላካይ ቡድን ከእስራኤል መጣልን። እንግዳ ያደረገልንን ውለታ አንረሳም። በመካከል ባሉት 19 ዓመታት በየቦታው የሚገባ ፓምፕና ሰው አዘጋጅተን ቢሆን ኖሮ ልመናው ያን ያህል ርቆ ባልሄደ ነበር።

አስገራሚው ነገር የረዱን ሰዎች ራሳቸው ከጥቂት ዓመት በፊት በእኛው ቦታ ቆመው መገኘታቸው ነው። በኅዳር 2003 ዓ.ም. እስራኤል ውስጥ የቀርሜሎስ ተራራ ሲቃጠል 44 ሰዎች ሞቱ። ጦር አውሮፕላን የሞላው አገር አንድም የረባ እሳት ማጥፊያ አውሮፕላን አልነበረውም፤ ከቱርክ፣ ከግሪክ፣ ከሩሲያ እየተለመነ መጣ። የእሳት አደጋው አገልግሎት በየማዘጋጃ ቤቶች ማኅበር ተከፋፍሎ፣ ገንዘብ አጥቶ፣ ሰው አንሶት ለዓመታት ሲያመለክት ኖሯል። የገንዘብ ሚኒስቴሩም አሠራራችሁን ሳታሻሽሉ ገንዘብ አልሰጥም ይል ነበር። ለሒሳብ ሰው ጆሮ ይህ ብልህ አነጋገር ነው። ኋላ የአገሪቱ ዋና ኦዲተር ባወጣው ሪፖርት ልዩ ኃላፊነት ከጣለባቸው ሁለት ሚኒስትሮች አንዱ ግን የገንዘብ ሚኒስትሩ ሆኑ። ማሻሻያ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ እስኪሻሻል ድረስ ውሃውን መቁረጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ አገልግሎቱን አንድ ብሔራዊ ባለሥልጣን አደረጉት፤ የአውሮፕላን ቡድንም አቋቋሙ፤ ስሙን በዚያ እሳት በሞተ የ16 ዓመት በጎ ፈቃደኛ ልጅ ሰየሙት። ስንቱ በጀት ከመቃብር በኋላ እንደሚጸድቅ አስቡ።

አንድ ሌላ ላንሳና ወደ ማብቂያዬ ልሂድ። «የከፈለ ይጠበቅ» የሚል ሐሳብ ከመጣባችሁ ተጠንቀቁ። በአሜሪካ ቴነሲ ክፍለ ግዛት፣ ኦቢዮን በሚባል አውራጃ፣ ገጠሩ የራሱ የእሳት አደጋ አገልግሎት ስላልነበረው ከቅርቡ ከተማ በዓመት በ75 ዶላር ይገዛ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2010 ያልከፈለ አንድ ሰው ቤቱ ተቃጠለ። ስልክ ደወለ፤ የፈለጋችሁትን ልክፈል አለ። መኪናው መጣ፤ ለከፈለው ጎረቤት። የጎረቤቱ አጥር ላይ የደረሰውን እሳት አጥፍተው ቤቱ ሲነድ ቆመው አዩት። ሕጉን ጠብቀዋል፤ ይህን ማንም አልካደም። እኛ ሰፈር ይህ ቢደረግ ሰዎቹ በሰላም የሚመለሱ አይመስለኝም፤ ይህን የምለው ጠብ ለማነሳሳት አይደለም፤ እዚህ አገር «የጎረቤት እሳት» የሚባል ነገር እንደሌለ ሁሉም ስለሚያውቅ ነው። እሳት ደረሰኝ አያይም፤ ከሣር ወደ ሣር ሲሄድ የከፈለውንና ያልከፈለውን አይለይም።

በ2005 ዓ.ም. የወጣው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ብሔራዊ ፖሊሲ አደጋን ከመጣ በኋላ ከማስታገስ ይልቅ ቀድሞ መከላከልና ሥራውን እስከ ወረዳ ድረስ ማውረድ ይላል። ስለዚህ አዲስ መርህ አንለምንም፤ የተጻፈው እንዲታይ ነው የምንጠይቀው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ አቤቱታ ለሚቀጥለው ዓመት ነው። ስለዚህ ጥያቄያችሁ በግንቦት ጠረጴዛ ላይ ይገኝ። ጥያቄው አጭር ይሁን። ለከተማው ዳር የሚመደበው የእሳት አደጋ ሥራ ማስኬጃ ስንት ነው፣ ካለፈው ዓመትስ ቀንሷል ወይ? ከጥሪ እስከ መድረስ ያለው ደቂቃ ይመዘገባል ወይ፣ ለእኛስ ይነበብልናል ወይ? ሐይቁ ዳር ክረምት ከበጋ ፓምፕ የሚወርድበት ቦታ ይደለደልልናል ወይ? የቀበሌው ጎበዞች በዓመት ስንት ቀን ይሠለጥናሉ፣ አሠልጣኙንስ ማን ይከፍለዋል? ቁጥር የያዘ መልስ ካልተሰጣችሁ መልስ አልተሰጣችሁም ማለት ነው።

ከእናንተ በኩልም የሚጠበቅ አለ። መኪና እንዲገባ ከተፈለገ መንገዱን ያጠበበውን አጥር ወደ ውስጥ የሚስበው የአጥሩ ባለቤት ነው፤ ይህን ማዘጋጃ ቤት ሳይሆን የዕድር ዳኛ ነው የሚያስፈጽመው። እሳት ሲነሳ የት እንደሚደወል በየቤቱ መታወቅ አለበት። የማዳበሪያ ኮርኒሱን በተመለከተ ደግሞ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሌላው ነገር ውድ ነው፤ ቢያንስ የኤሌክትሪክ ሽቦው በላዩ አይለፍ።

ፓምፑ ከተገኘ በየትኛው ግቢ እንደሚቀመጥ፣ ነዳጁን ማን እንደሚጠብቅ፣ ቁልፉ ሌሊት በማን እጅ እንደሚያድር የመወሰን ሥልጣን የለኝም። ሁለት ቁልፍ ይኑረው፣ አንዱ ሌሊት ከቤት በማይጠፋ ሰው ዘንድ ይሁን ብዬ ብቻ እመክራለሁ። የቀረውን አሁን ጥያቄና መልሱ ሲጀመር እናንተው ተነጋገሩበት።